በክርክር የወረደ ቮልት

ካፓሲተሩ የፈነዳው በቅበላው ሳምንት፣ የሽሮ ሰልፉ ከበሩ አልፎ መንገድ ላይ በወጣበት ቀን ነው። ድምፁ ቁርጥ ጥይት ነው። ቢቸና ውስጥ ደግሞ በዚህ ዘመን እንደዚያ ያለ ድምፅ የሰማ ሰው "ምን ይሆን?" ብሎ አይጠይቅም፤ ይተኛል። ሴቶቹ ክካቸውን ከነዕቃው ጥለው መሬት ላይ ተደፉ። ከማዶ ልብስ ሰፊው በሩን ከውስጥ ቀረቀረ። ጤፍ የጫነ አህያ ከነጭነቱ ቁልቁለቱን በረረ፤ ባለቤቱ ደግሞ ከአህያው ቀድሞ በረረ።

ፈንታነሽ ብቻ ከወፍጮዋ አጠገብ እንደ ችካል ተተክላ ቀረች። ጭሱ ዓይኗን አቃጥሎታል፤ ነጠላዋ ላይ ዘይት የመሰለ ነገር ተረጭቷል።

"ኧረ ተነሡ! ዕቃ ነው! የሞተሩ ዕቃ ነው የፈነዳው!" ብላ ጮኸች።

ማንም አልተነሣም።

"ሰው እንዲህ በገዛ ሽሮው ላይ ይተኛል? ተነሡ ብያለሁ!"

ቆይቶ ቆይቶ አንዷ ቀና አለች። ክኳን ከአፈሩ እየለየች መዛቅ ጀመረች፤ ታልቅስ ትሳደብ አይለይም።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ፈንታነሽ በርበሬና ሽሮ እየፈጨች የምትኖር ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ እጇን ለማንም ዘርግታ አታውቅም፤ ምክር ለመቀበልም ቢሆን። ወፍጮዋ ትንሽ ናት፤ ከጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ግቢ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ውስጥ ተተክላለች። ከሞተሩ ጎን ጣሳ የምታህል ክብ ነገር ተለጥፋለች። ካፓሲተር የሚሏት እሷ ናት። ሞተር ከተኛበት ሲነሣ የሚደግፈው እጅ ይፈልጋል፤ እጁ እሷ ናት።

ያቺ የዱሮዋ ካፓሲተር አርጅታ ደከመች። ሞተሩ ሲበራ "እምምም" ይላል እንጂ አይዞርም። ፈንታነሽ ቺንጋውን፣ ሞተሩንና ወፍጮውን የሚያያይዘውን ያን የጎማ ቀበቶ፣ በእጇ ሳብ እያደረገች ታስነሣው ጀመር። የሰፈሩ መብራት ሠራተኛ ምናለ ይህን ሲያይ ጭንቅላቱን ያዘ።

"እትዬ ፈንታነሽ፣ ጣትዎን ይበላዋል!"

"ጣቱ የኔ ነው።"

"ካፓሲተሯ ትቀየር። እዚህ የለም፤ ሞጣ ሲሄዱ አራት መቶ ሃምሳ ቮልት ይበሏቸው። አራት መቶ ሃምሳ። እንዳይረሱት።"

ፈንታነሽ አልረሳችውም። እንዲያውም ጣጣውን ያመጣባት አለመርሳቷ ነው። ከቢቸና እስከ ደብረ ወርቅ፣ ከደብረ ወርቅ እስከ ግንደወይን መኪና ውስጥ ተጨናንቃ ተቀምጣ ቁጥሩን በልቧ ስታገላብጠው ሄደች። ቤቷ የሚገባው መብራት ሁለት መቶ ሃያ ነው። ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። ታዲያ ለሁለት መቶ ሃያ ቤት አራት መቶ ሃምሳ ምን ይሠራል? ደግሞስ መጀመሪያ የተጠራ ቁጥር መቼ እውነት ሆኖ ያውቃል? በርበሬ ሻጭ መጀመሪያ የሚጠራው እንዲቀነስ ነው። በግ ሻጭም እንዲሁ። ምናለም አራት መቶ ሃምሳ ያለው፣ ተከራክራ እንደምታወርደው አውቆ ከፍ አድርጎ መጥራቱ ነው። ግንደወይንን ሲያልፉ ነገሩ በልቧ አለቀ።

ሞጣ፣ የሙሐመድሸሪፍ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ስትደርስ ሰው ሞልቶ ነበር።

"የሞተር ካፓሲተር አለህ? አራት መቶ ሃምሳ ነው የሚሉት።"

"አለ፣ እትዬ።"

"ከዚያ ወረድ ያለስ?"

"ወረድ ያለ የሁለት መቶ ሃምሳ አለ፤ ግን..."

"ግን አትበለኝ። ቤቴ ሁለት መቶ ሃያ ነው። ሠላሳ ይተርፈዋል። እሱን አምጣ።"

"እሱ እኮ ለሞተር..."

"አምጣ አልኩህ! ትልቁን ለሚኮራበት ሰው ሽጠው።"

ከኋላዋ ሰው ይጋፋል፤ አንዱ አምፖል፣ አንዱ ማከፋፈያ ይላል። ሙሐመድሸሪፍ አንዴ አያት፣ አንዴ ሰልፉን አየ፣ የሁለት መቶ ሃምሳዋን አወረደላት። ፈንታነሽ በሬ በግማሽ ዋጋ ገዝቶ እንደሚመለስ ሰው አንገቷን ቀና አድርጋ ቢቸና ገባች። ምናለ በዚያ ቀን ለሥራ ሉማሜ ሄዶ ነበር። እሷም ሁለት ሽቦ ለማሰር ምናለን የምትጠብቅ ሴት አይደለችም። ራሷ አሰረችው። ሞተሩም እንደ ወጣት ተነሣ። "አላልኩም?" አለች፣ የሚሰማት ሰው ሳይኖር። የአንዷን ፈጨች፣ የሁለተኛዋን ጀመረች፤ ከዚያ ያ ድምፅ።

የተኙት ተነሥተው፣ ሽሮው ተዝቆ፣ አህያው ተፈልጎ ከተገኘ በኋላ ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ሳይጨርሱ የወጡ ሰው ናቸው፤ ያልጨረሱትን ቅኔ ተከራዮቻቸው ላይ ይጨርሱታል። በዚያ ቀን ግን የቅኔ ፊት አልነበራቸውም። 

"ፈንታነሽ፣ ይሄ ወፍጮ ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ስንት ዘመን ኖርኩ። አንድ ቀን ዝም አሰኚው ብዬሽ አውቃለሁ?"

"አያውቁም።"

"ማጓራቱን ለምጄዋለሁ። የቀን እንቅልፍ የሚወስደኝ እንዲያውም በሱ ነው። ይቺን አንዲቷን ግን አልችላትም። ሰዉም አይችላትም። ያች ከማዶ ያለችው አራስ ልጇን አቅፋ አልጋ ሥር ገብታ፣ ውጪ ብትባል እምቢ ብላለች።"

"ጋሽዬ፣ ዕቃ እኮ ነው..."

"ዕቃ ይሁን፣ ጥይት ይሁን፣ ጆሮ አይለየውም። ሁለተኛ እንዲህ ከጮኸ ክፍሉን ትለቂያለሽ። ሁለተኛ ብቻ!"

ሄዱ። ፈንታነሽ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ሌላ ክፍል ፍለጋ የት ትሄዳለች? የበርበሬ ወፍጮ የሚያስገባ አከራይ የለም፤ ማስነጠሱን ሰው ሁሉ ይጠላዋል። ለገበያው ቅርብ ሆኖ፣ ለሞተር የሚበቃ መስመር ገብቶለት፣ ባለቤቱም የወፍጮ ጩኸት እንቅልፍ የሚወስደው ቤት ቢቸና ውስጥ ይሄ ብቻ ነው። ከዚህ ከወጣች ወፍጮዋን ልትሸጥ ነው፤ ወፍጮዋን ከሸጠች ደግሞ እጇን ልትዘረጋ ነው።

በማግስቱ የፈነዳውን ካፓሲተር በፌስታል ጠቅልላ፣ እንደ ቁስለኛ አቅፋ ሞጣ ተመለሰች። የሙሐመድሸሪፍ ሱቅ ገብታ፣ ሰላምታም ሳትሰጥ፣ ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችው።

"ይኸውልህ! የተበላሸ ሸጠህልኝ፣ ከቤቴ ልታስወጣኝ ነው!"

ሙሐመድሸሪፍ የተሰነጠቀውን ጣሳ አገላብጦ አየ። "ሞተር ላይ ነው ያሰሩት?"

"የት ላስረው? አንገቴ ላይ?"

"እትዬ፣ ነግሬዎት ነበር እኮ! አራት መቶ ሃምሳውን ይውሰዱ ልል ስል..."

"ልትል! ልትል! ማለት ሌላ፣ ልል ማለት ሌላ!"

"ግን አትበለኝ አሉኛ!"

"እኔ አትበል ስላልኩህ ትተዋለህ? ሽማግሌ ይላክብህ እንዴ አንዲት ነገር ለመናገር?"

ሙሐመድሸሪፍ ወደ ላይ ቀና ብሎ ትዕግሥት ለመነና ተመለሰ። ቴስተሩን፣ መብራት የሚለካበትን ያን የእጅ መሣሪያ፣ አውጥቶ ሁለቱን ሽቦ ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ውስጥ ሰካ። "ስንት ይላል? ያንብቡት።"

ፈንታነሽ ፊደል ቶሎ አይታዘዛትም፤ ቁጥር ግን ማንም አያታልላትም። "ሁለት መቶ ሃያ። እህስ! ይኸው የራስህ ዕቃ መሰከረብህ። ሁለት መቶ ሃምሳ ከሁለት መቶ ሃያ አይበልጥም?"

"ይበልጣል።"

"ታዲያ ለምን ፈነዳ?"

"ይሄ ቴስተር የሚያሳየን የሥራውን ልክ ነው እንጂ ጫፉን አይደለም። ጫፉ ሦስት መቶ አሥር ይደርሳል። ጫፉን ፒክ ይሉታል፣ ይህን ደግሞ አርኤምኤስ።"

"አረም ምን?"

"አረም አይደለም፣ አር፣ ኤም፣ ኤስ።"

"አረምም ይሁን ስንዴ፣ ቴስተሩ ላይ የሌለ ሦስት መቶ አሥር ከየት አመጣህ? እኔ ቁና ላይ የሌለ ጤፍ አለ ብዬ ብሸጥልህ ትገዛኛለህ?"

በሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሳቀ። ሙሐመድሸሪፍ አልሳቀም። ብዕር አንሥቶ ካርቶን ላይ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች የሚል ጥምዝምዝ መስመር ሣለላት። ፈንታነሽ መስመሩን አየችው። እባብ ነው። "ይሄ እባብ ነው" አለችው። ካርቶኑን ወረወረው።

ከሱቁ ማዶ ሁለት ሰዎች የባሕር ዛፍ ግንድ አጋድመው፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው በትልቅ መጋዝ ይሰነጥቃሉ። ሙሐመድሸሪፍ በጣቱ አመለከታት።

"እነዚያን ያዩዋቸዋል?"

"አባቴ ሳንቃ ሰንጣቂ ነበር። መጋዝ ለኔ ልታስተምረኝ ነው?"

"እንግዲያው እርስዎ ያስተምሩኝ! መጋዙ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ሄዶ ሄዶ የት ደረሰ?"

"የትም። እዚያው ነው።"

"ታዲያ ሳንቃው ለምን ተሰነጠቀ?"

"ሲሄድም ሲመለስም ስለሚበላ ነዋ! ይሄ ምን ጥያቄ ነው?"

"መብራቱም እንደዚያ ነው። አንዴ ወዲያ፣ አንዴ ወዲህ ይላል፤ በሁለቱም ይሠራል። አሁን ደግሞ ፍጥነቱን ይዩልኝ። አንድ ዓይነት ነው?"

ፈንታነሽ ሳትወድ ዓይኗን ማዶ ተከለች። ከላይ ያለው ሰውዬ ሲስብ፣ ከታች ያለው ሲስብ፣ መጋዙ ዳርና ዳር ላይ ለአፍታ ቆም ይላል። መሃል ላይ ግን ይወረወራል።

"አይደለም። መሃል ላይ ይወረወራል።"

"በቃ! ውርወራዋ ናት ሦስት መቶ አሥሯ። ቆም የሚልባት ባዶ ናት። ሁለት መቶ ሃያው ደግሞ ምንድን ነው? መጋዙ ሳይቆም፣ ሳይወረወር፣ በአንድ ፍጥነት ብቻ ቢሄድ ኖሮ ያንኑ ያህል ለመሥራት የሚበቃው ነው።"

"መካከለኛው በለኛ። ይሄን ለመናገር ነው ይሄ ሁሉ?"

"መካከለኛው አይደለም!" ሙሐመድሸሪፍ ባንኮኒውን መታ። "መካከለኛው ቢሆን ኖሮ እኔም በአንድ ቃል እገላገልዎት ነበር። ግፊቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ ያቺ ውርወራ ከድርሻዋ በላይ ትመዝናለች፤ ልኩን ከመካከሉ ወደ ላይ ትስበዋለች። ቮልቱ በማይለዋወጥ ባትሪ ብናሞቅና በዚህ ብናሞቅ እኩል የሚያሞቁበት ቁጥር፣ እሱ ነው ግድግዳው ላይ የሚጠራው። ሥራ የሚለካው በዚያ ነው። ካፓሲተር ግን ሥራው ስንት ሆነ አትልም። እሷ የምትቀበለው ውርወራውን ነው። ሁለት መቶ ሃምሳ ድረስ ቻይ አሏት፤ ሦስት መቶ አሥር መጣባት። ያውም አንዴ መጥቶ ቢተዋት! በአንዲት ሰከንድ መቶ ጊዜ ነው የሚመጣባት።"

ፈንታነሽ ወደ መጋዙ ዞረች።  ዓይኗ መጋዙ ላይ ነው፤ የሚታያት ግን ከዘራ ነው፣ የሚሰማትም የአከራይዋ ቃል ነው። ማጓራቱን ለምጄዋለሁ። ይቺን አንዲቷን ግን አልችላትም።

"ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ናታ!" አለች።

"ማን?"

"ካፓሲተሯ ነቻ! ቀኑን ሙሉ የሚያጓራውን ችለው ኖሩ፤ በሱ አልፈነዱም። የፈነዱት በአንዲቷ ጩኸት ነው። የዓመቱ ማጓራት ተደምሮ ተካፍሎ አልቆጠሩብኝም። አንዲቷን ብቻ ቆጠሩብኝ!"

ሙሐመድሸሪፍ ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ማን እንደሆኑ አያውቅም። ግን ሴትዮዋ እንደገባት አወቀና ተነፈሰ። "እሳቸውም ከሆኑ ልክ ነው።"

"ልክ ነው አትበለኝ፤ ተናድጄብሃለሁ። እሺ፣ ጫፉ ሦስት መቶ አሥር ከሆነ የሦስት መቶ ሃያ አምጣልኝ።"

"ያ አላህ!"

"ምን አጠፋሁ?"

ሁለቱን ካፓሲተሮች ጎን ለጎን አስቀመጠላት። በፈነዳችው ላይ ከሁለት መቶ ሃምሳው አጠገብ ቀጥ ያለች ጭረት አለች። በአዲሷ ላይ ከአራት መቶ ሃምሳው አጠገብ ትንሽ ጥምዝምዝ ምልክት አለች።

"ቀጥ ያለችው ለባትሪና ለሶላር ናት፤ ወዲያና ወዲህ የማይል፣ ጫፍ የሌለው መብራት። ይቺ ትል የመሰለችው ግን ለሚመላለሰው ናት። ትል ካለች ቁጥሩ እንደ ግድግዳው ቁጥር በሥራ ልክ ተጽፏል ማለት ነው፤ ጫፉን እሷው ትችለዋለች። አራት መቶ ሃምሳ የሆነው ደግሞ፣ ሞተር ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ ካፓሲተሯ ላይ ከመስመሩ የበለጠ ቮልት ስለሚያስነሣባት..."

"ደግሞ ሌላ መጣ!"

"ሌላ አልመጣም! ትሏን ይዩ፣ አራት መቶ ሃምሳ ይበሉ፣ አይከራከሩ! ዋጋውን የፈለጉትን ያህል ይከራከሩኝ። ቮልቱን ግን አይቀንሱብኝ። ቮልት ዋጋ አይደለም!"

 ፈንታነሽ ነጠላዋን አስተካከለች። ዋጋውን ተከራከረች፤ እስኪበቃት ተከራከረች። ቮልቱን አልነካችም።

ቢቸና ስትገባ ምናለ ተመልሶ ነበር። ካፓሲተሯን ተቀብሎ ምልክቷን አየ። "አራት መቶ ሃምሳ ብዬዎት አልነበረም?" ሊል አሰበ፤ ፊቷን አየና ተወው። ሽቦውን አሰረ፣ አጠበቀ፣ ደግሞ አጠበቀ።

ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ በሩ ላይ ቆሙ። ከዘራቸውን ብብታቸው ሥር ወትፈው በሁለት ጣታቸው ሁለት ጆሯቸውን ደፍነዋል። ሽሮ አስፈጪዎቹ ከልብስ ሰፊው ግድግዳ ጀርባ ተደርድረው አንገታቸውን ብቻ አስግገዋል። ከመካከላቸው አንዷ፣ ውበቴ የምትባለው ቀልደኛ፣ "ፈንታነሽ፣ ቆይ፣ መጀመሪያ ልተኛ!" ብላ ጮኸች።

"ተኚ! እዚያው ያስተኛሽ!"

ማብሪያው ላይ ጣቷን አደረገች። ሁለት መቶ ሃምሳዋን ካፓሲተር አስራ ያበራችው ይቺው ጣት ናት። አሁን ግን ቶሎ አልተጫነችም። ቢፈነዳስ? ያ ልጅ ስለ መጋዝ ያወራው ሁሉ ወሬ ቢሆንስ? ክፍሏን ዞር ብላ አየች፤ በበርበሬ የቀላውን ግድግዳ፣ ወንበሯን፣ ወንፊቷን። ተጫነችው።

ሞተሩ "እም" አለ፤ ሁለተኛውን "እም" ሳይጨርስ ተነሣ። ቺንጋው ተሽከረከረ። ወፍጮው ማጓራት ጀመረ። ሁሉም አንድ ነገር ይጠብቃሉ። አጓራ፣ አጓራ፣ ማጓራቱን ቀጠለ። የመጀመሪያዋ ክክ ገባች፤ ሽሮ ሆና ወረደች። ሁለተኛዋ ገባች። ከሩቅ የነበሩት ቀስ በቀስ ቀረቡ፤ ውበቴም ተነሥታ አቧራዋን አራገፈች።

ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ አንድ ጣታቸውን አወጡ። ቆይተው ሌላውን።

"ስንት ነው አሁን ያስገባሽው?"

"አራት መቶ ሃምሳ።"

"ቤቱ ሁለት መቶ ሃያ ነው። መስመሩን ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። አራት መቶ ሃምሳ ምን ያደርጋል? አበዛሽው።"

ፈንታነሽ ዓይኗን ጨፈነች። የገዛ ቃሏ ከሽማግሌ አፍ ወጥቶ ሲመለስባት ሰማችው። ሞተሩን አጠፋችና ከመጋዙ ጀመረች። ሲሄድም ሲመለስም እንደሚበላ፣ መሃል ላይ እንደሚወረወር፣ ግድግዳው ላይ የሚጠራው የሥራው ልክ እንደሆነ፣ ዕቃው የሚፈነዳው ግን በጫፉ እንደሆነ ነገረቻቸው። ካፓሲተሯ እሳቸውን እንደምትመስል ሳይቀር ነገረቻቸው። አዳመጡ። ግንባራቸው በራ።

"እህ! ገባኝ። ሁለት መቶ ሃያው ሰሙ ነው፤ ሦስት መቶ አሥሩ ወርቁ ነው! በላይ የሚሰማው ሌላ፣ ከሥር ያለው ሌላ!"

"ደኅና ብለዋል" አለ ምናለ።

"አታደፋፍራቸው አንተ! ጋሽዬ፣ ሰምም አይደለም፣ ወርቅም አይደለም፤ መብራት ነው!"

"ቅኔ ነው።"

"መብራት ነው! ሰም ቢሆን ኖሮ ቀልጦ ዝም ይል ነበር፤ ይሄ ግን ቤት ያስለቅቃል!"

ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ከዘራቸውን ከብብታቸው አውጥተው መሬት አስነኩ። "ማን ልቀቂ አለሽ? ጫፉ ከጠፋ እኔ ከማጓራቱ ጋራ ጠብ የለኝም። በይ አስነሺው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ በቀን ዓይኔን ከድኜ አላውቅም።" ብለው ወደ ጓሮ ዞሩ። እየሄዱም "ሰምና ወርቅ ነው" ሲሉ ተሰማ። ፈንታነሽ መልስ ለመስጠት ተነሥታ፣ ሰልፉን አይታ ተመለሰች።

ሴቶቹ ዕቃቸውን ይዘው ተደረደሩ። ምናለ መሣሪያውን ሰብስቦ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም አለና ቺንጋውን በጣቱ ጎተት አድርጎ አየ።

"እትዬ ፈንታነሽ፣ ይሄም ተሰነጣጥቋል። እንዳይበጠስ ቶሎ ይቀይሩት። ቁጥሩ ሃምሳ ሁለት ነው።"

"ሃምሳ ሁለት?"

"ሃምሳ ሁለት።"

ፈንታነሽ አፏን ከፈተች። ሃምሳ አይበቃም ወይ የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ምናለም አየው፣ ሰልፉም አየው፣ ውበቴ ደግሞ ለመተኛት ጎንበስ አለች።

"እሺ" አለች ፈንታነሽ፣ ጥርሷን ነክሳ። "ሃምሳ ሁለት።"